ከደም ሥሩ በታች የታየው መስመር

ቤተሰቡ «ጭምቷ» ይላታል። ምህንድስና ተምራ የተቀጠረችበት የምርምር ክፍል ለጠባይዋ ተስማምቷታል፤ ሥራዋ ማዳመጥ ነዋ! መሣሪያው የብርሃን ብልጭታ ወደ ሥጋ ይልካል። ደም ብርሃኑን ሲውጥ ለቅጽበት ሞቅ ይልና ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ያወጣል፤ ኮምፒዩተሩም ያን ድምፅ ለቅሞ የደም ሥሮቹን ምስል ይሠራል። ክፋቱ ምስሉ ጉም የለበሰ ነው። እሱን ማጥራት የእሷ ድርሻ ሆነ።

ለሙከራው ክንዳቸውን የሰጡት አክስቷ ነበሩ፤ እናቷ ካረፈች በኋላ ያሳደጓት፣ ወሬ ከያዙ የማይለቁ ሴት። ጄል ተቀብተው መሣሪያው ሲያርፍባቸው፣ ከደም ሥሩ በታች ሌላ መስመር ብቅ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ስክሪኑን እያዩ።

«እንጃ አክስቴ። እስቲ አይንቀሳቀሱ።»

«እንጃ? እናትሽንም ሐኪሞቹ ‹እንጃ› ሲሉ ነው ያጣናት!»

ጭምቷ መሣሪያውን አንሥታ እንደገና አሳረፈችው። ምስሉን ደጋግማ አነሳች፤ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። አክስት ደግሞ ሲጨንቃቸው ወሬው ይብስባቸዋል፤ ስለ ጎረቤት የጣሪያ ጠብ እያወሩ ክንዳቸውን ያወራጩ ጀመር። ልትቆጣቸው ስትል ዐይኗ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ሥጋው ሲንቀሳቀስ ደም ሥሩ አብሮት ይሄዳል፤ የታችኛው መስመር ግን አካሄዱ ከሥጋው ጋር አልገጥም ብሏል።

«አክስቴ፣ ያውሩ! ክንድዎንም ያንቀሳቅሱ!»

«አሁን አይንቀሳቀሱ ስትይኝ አልነበር?»

«ተውኩት፤ ያውሩ!»

እሳቸው መቼ ተለምነው ያውቃሉ! እሷም ምስሎቹን አከታትላ አነሳች፤ የሥጋውን እንቅስቃሴ እየተከተለ አንዱን በሌላው ላይ እንዲደርብ ኮምፒዩተሩን አዘዘችው። ከሥጋው ጋር የሚሄደው ጎልቶ ወጣ፤ የማይሄደው እየሳሳ ሄደና ጠፋ። ለካ የገደል ማሚቶ ኖሯል፤ አጥንት ነክቶ የተመለሰ ድምፅ የሳለው የውሸት መስመር። ወራት ያስለፋት ጉምም አብሮት ገፈፍ አለ።

የክፍሉ ሐኪም በአልትራሳውንድ አይተው «ክንድዎ ምንም የለበትም» ሲሉ፣ አክስት ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«እፎይ! አንቺ ልጅ፣ ነፍሴን ልታወጪው ነበር እኮ!»

ጭምቷ ጄሉን ከክንዳቸው እየጠረገች ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። አክስት ጉንጯን ሳም አደረጓትና እጅጌያቸውን ሰብስበው ተነሱ።

«በይ ምሳ ጋብዢኝ። ድንጋጤው ሲለቀኝ ረሃቡ መጣ።»