ያልጠፋችብኝ በቅሎ

በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ከትምህርት ይልቅ የሚወራው ስለ ዝውውር ነበር። አንዱ ጎንደር ይላል፤ ሌላው ባሕር ዳርን ያነሳና ሐይቁን፣ ዋናውን፣ የእሁዱን ጀልባ ይተርካል። አንድ የታሪክ መምህር ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው የአዲስ አበባን ሰፈሮች በተራ ይቆጥርልን ነበር። እኔ ጥግ ይዤ ደብተር አርማለሁ። የምፈልገውን ቦታ ብናገር እንደሚስቁብኝ ስለማውቅ አፌን አልከፍትም። የምፈልገው ደባርቅ ነበር።

የምናስተምርበት ትምህርት ቤት ከዳባት ወጣ ብሎ በገብስ ማሳዎች መካከል የቆመ ነው። ስሙ ይቅር። በዲግሪ ተመርቄ የተመደብኩት የጂኦግራፊ መምህርት ሆኜ ነው፤ ሰው ሲጎድል ግን ሳይንስም ሒሳብም አስተምር ነበር። ተማሪዎቹ የሚቀመጡት በጭቃ መደብ ላይ ነው። ነፋሱ ስለሚያስቸግር መስኮቶቹ በቆርቆሮ ተመትተዋል። በጨለማው ክፍል ውስጥ በጠመኔ ተራራ እስልና «ይህ ተራራ ነው» እላለሁ፤ እውነተኛው ተራራ ከቆርቆሮው በስተጀርባ አለ።

የምኖረው ከአንዲት የሒሳብ መምህርት ጋር በደባልነት ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ባሏ ወታደር ነው፤ ሰሜን ግንባር ከሄደ ቆይቷል። ትምህርት ቤት ለመግባት የደረሰች አንዲት ልጅ አለቻቸው። እትዬ ተጫዋች ናት። እኔ በቀን የማልናገረውን ሁሉ እሷ ለሁለታችንም ትናገርልኝ ነበር።

ደባርቅን ያወቅሁት ለኮርስ ተልኬ ነው። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱ ከሰዓት በኋላ ለተማሪ ክፍት ነበር። ቤተ ሙከራው መስታወት ያለው መስኮት አለው። መምህራኑ የሚያስተምሩት የተማሩትን ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የገረመኝ ቅዳሜያቸው ነበር። ወንዱም ሴቱም ቆሎ ቋጥሮ፣ አንድ ኳስ ይዞ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ይወጣል። እኔንም ጠሩኝና ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። አፋፉ ላይ ስንደርስ መሬቱ በድንገት አለቀ። ከታች ጉም፣ ከጉሙ ሥር ደግሞ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ እንደ ተጣለ ገመድ ተጠማዝዞ ይታያል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች አጠገባችን ሣር ይነጫሉ፤ ማንም ከማንም አይሸሽም። በዩኒቨርሲቲ ስለ ሸንተረርና ስለ ሸለቆ የጻፍኩትን ሁሉ አስታወስኩና አፈርኩ። አንዱንም በቅጡ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በዳባት ዙሪያ ባለው ሸንተረር ላይ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። ሸራ ጫማዬን አጠልቃለሁ፣ ነጠላዬን አጣፋለሁ፣ እሄዳለሁ። ይኸው ነው።

በዚያ አገር ግን ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው የለም። ወደ ገበያ የሚሄድ እህል ይዟል፤ ወደ ለቅሶ የሚሄድ ፊቱ ይናገራል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰዓቱ ይታወቃል። ምንም ያልያዘና የማይቸኩል ሰው አንድ ነገር የጠፋበት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከማሳቸው ቀና ብለው አስቆሙኝ።

«እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ። ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ምንም፣ አባቴ።»

«በግ ነው?»

«ምንም አልጠፋብኝም። ዝም ብዬ ነው የምሄደው።»

ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲያስ በቅሎ ነች» አሉ። «ግድ የለም፣ አትንገሪኝ።»

በቅሎ የጠፋበት ሰው ወሬው ከሌባ ጆሮ እንዳይደርስ አፉን ይዞ እንደሚፈልግ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ሰውዬው ዝምታዬን የአዋቂ ጥንቃቄ አድርገው ወሰዱት። እኔ ወደ ቤቴ ስመለስ እሳቸው ለጎረቤት ነግረው፣ ጎረቤቱም ለማዶ መንደር በሹክሹክታ ነግሮ ኖሯል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሰዎች አንዲት ዳማ በቅሎ እየሳቡ ደጃችን ቆሙ። እትዬ በሩን ከፈተች። አየቻቸው፣ በቅሎዋን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«እቴ» አለችኝ፣ «በቅሎሽ መጣች።»

«የእኔ አይደለችም» አልኩ።

ሰዎቹ ተያዩ። «የርስዎ ካልሆነች» አለ አንደኛው፣ «ይህን ሁሉ ቅዳሜ ምን ሲፈልጉ ከረሙ?»

በቅሎዋን ለሌላ ሰው ይዘው መሄድ አልፈለጉም፤ ለመምህሯ ተብላ ነው የተያዘችው። ግቢያችን ውስጥ ታሰረችና እትዬ የተከለችውን ጎመን ጨረሰች። ልጅቷ በደስታ ልትሞት ደረሰች። በመጨረሻ ከደረስጌ አንድ ነጋዴ ወሬ ሰምቶ መጣ፤ በቅሎዋ የሱ ነበረች። ማርያም ትባርክሽ ብሎኝ ወሰዳት። ጎመኑን ግን ማንም አልተካውም፤ እትዬ ይህን እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

በዚህ መሐል ለዋጭ አገኘሁ። ከደባርቅ ወደ ዳባት መምጣት የሚፈልግ አንድ መምህር ነበር፤ ሚስቱ ዳባት ጤና ጣቢያ ትሠራለች፣ ነፍሰ ጡር ናት። እሱ ወደዚህ፣ እኔ ወደዚያ። ጎንደር ያለው የትምህርት ቢሮ እንዲህ ያለውን ልውውጥ ይፈቅድ ነበር፤ የቀበሌ ድጋፍ ብቻ ይጠይቃል። እኔም ድጋፉን ልጠይቅ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄድኩ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ካኪ ለብሶ፣ እስክሪብቶውን በጠረጴዛው ላይ እያሽከረከረ አየኝ።

«ጓድ» አለኝ፣ «ለበቅሎዋ ባለቤት ተገኘላት። ላንቺ ጉዳይ ግን ገና አልተገኘለትም። በገደል አፍ ላይ ብቻዋን የምትዞር ሴት ምን ትባላለች?»

«መምህርት» አልኩ። ድምፄ ስላነሰ ደግሜ መናገር ነበረብኝ።

«ወንበዴ በሚዘዋወርበት አገር?»

«ያገኘሁት ገበሬ ብቻ ነው።»

«ደባርቅስ ለምን ፈለግሽ? ሰው ሁሉ ጎንደር ይላል። ደባርቅ ደግሞ ገደሉ ይበልጣል።»

«ትምህርት ቤቱ ይሻላል። ገደሉም ይሻላል» አልኩት።

አጠገቡ የተቀመጠው ጸሐፊ አፉን በእጁ ሸፈነ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ረቡዕ በውይይት ክበብ ቆሜ ግለ ሂስ ካደረግሁ ድጋፉን ሐሙስ እንደሚፈርም ነገረኝ።

ግለ ሂስ ለማንም ከባድ ነገር አልነበረም። ሁሉም ሰው ለተራው የሚሆን አንድ ጥፋት ያዘጋጃል፤ አርፍጃለሁ፣ መዋጮ አዘግይቻለሁ፣ በስብሰባ ላይ አንቀላፍቻለሁ ይላል። ይጨበጨባል፣ ይቀመጣል። ለዋጬ ይህንኑ ሊያስረዳኝ ከደባርቅ በአውቶቡስ መጣ።

«እህቴ፣ ሁለት ቃል ናት» አለኝ። «እኔ ባለፈው አርፍጃለሁ ብዬ ግለ ሂስ አድርጌአለሁ። አርፍጄ አላውቅም። ተራዬ ስለደረሰ ነው።»

«አላስከፋህም?»

«ምኑ? ሰዎቹም እንዳላረፈድኩ ያውቃሉ።» ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። «ሚስቴ ልትወልድ ነው። ብቻዋን ናት።»

እትዬም ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። «በንዑስ ከበርቴ የመዝናናት ዝንባሌ ተጠቅቼ፣ ከሰፊው ሕዝብ ተነጥዬ…» ይላል። «ንዑስ ከበርቴ ስትይ አንገትሽን ሰበር አድርጊ» አለችኝ እየሳቀች። «ይወዱታል። ከዚያ በኋላ ደባርቅ ገብተሽ ከገደሉ ጋር ተጋቢ።»

ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። በሰው ፊት መቆም ያስፈራኛል፤ ስለዚህ አጭር መሆኑ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ባነበብኩት ቁጥር አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። አርፍጃለሁ የሚል ሰው ነገ በሰዓቱ ይመጣል፤ ምንም አይቀርበትም። እኔ ግን መሄዴን ጥፋት ነው ካልኩ፣ ከዚያ በኋላ የምረግጠው ሁሉ ጥፋት ይሆናል። ደባርቅም ብገባ የገዛ ቃሌ ተከትሎኝ ይገባል። የማገኘው ትምህርት ቤቱን ብቻ ነው፤ ቅዳሜዬን ዳባት ጥዬው እሄዳለሁ።

ረቡዕ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። የፊተኛውን አግዳሚ ወንበር ይዤ ቆምኩ።

«ግለ ሂስ የለኝም» አልኩ።

«ድምፅ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ግለ ሂስ የለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ እሄዳለሁ። በግም በቅሎም አልጠፋብኝም። የማስተምረው ስለ ተራራ ነው፤ ተራራ አያለሁ። ማየቱም ደስ ይለኛል። ደስ ማለቱን ጥፋት ነው ብዬ አልናገርም። የሚጠረጥረኝ ካለ ቅዳሜ አብሮኝ ይሂድ።»

«ጫማ ይገዛልን?» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ አዳራሹ ሳቀ።

ከሴቶች ማኅበር አንዲት ሴት ግን ሳትስቅ ተነሳች። «እኛ እንስራ አዝለን ከምንጭ እስከ ቤት ስንመላለስ ማንም ሽርሽር ነው አላለንም» አለች። «መምህሯ ወገቧ ባዶ ስለሆነ ነው ደስ የሚላት።»

ይህ ከሊቀመንበሩ ነገር ሁሉ በላይ ገባኝ። ወገቤ ባዶ መሆኑ እውነት ነው። ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። እሷ ሸክሟን አውርዳ ብትሄድ እሷንም ምን ጠፍቶብሽ ነው ይሏታል፤ እኔ ሸክም ብሸከም ማንም አይጠይቀኝም። አንዲት ሴት መንገድ ላይ ለመታየት የግድ የሚያጎብጣት ነገር ማዘል አለባት ወይ? ይህን ያን ቀን ብላት ኖሮ ምናልባት ትስማማ ነበር፤ ምናልባትም ትሰድበኝ ነበር።

ሐሙስ ድጋፉ አልተፈረመም። ለዋጬ ወሬውን ሰምቶ ምንም ሳይናገረኝ በጠዋቱ አውቶቡስ ተመለሰ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ የልጇን ፀጉር እየሠራች፣ ዓይኗን ከማበጠሪያው ሳታነሳ፣ «አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «ቦታውን እኔ ብወስደውስ?»

ያላሰብኩት ነገር ነበር። እትዬ ከፍታ ላይ ስትቆም የሚያዞራት ሰው ናት። ሁልጊዜም ጎንደር ነበር የምትለው።

«ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች» አለች። «እዚህ መደብ ላይ ተቀምጣ እንድትማር አልፈልግም። ያ ሰውዬም ሚስቱ ጋ ይደርሳል። ያንቺ ግን ያው ተበላሽቷል።»

«ግለ ሂስሽስ?»

አሁን ቀና አለች። «ጓዴን በወቅቱ ሳላርም በመቅረቴ እላለሁ። ካልከፋሽ።»

ከፋኝ። ልጅቷ ግን በእናቷ ጉልበቶች መካከል ቁጭ ብላ፣ ማበጠሪያው ሲነጫት ዓይኗን እየጨፈነች ታየኛለች። እትዬም ተደብቃ ልታደርገው ስትችል ፊቴ ቁጭ ብላ ጠየቀችኝ።

«በዪ» አልኳት።

በሚቀጥለው ረቡዕ ተነስታ አለችው። አንገቷን ሰበር አደረገች፤ ተጨበጨበላት፤ ሐሙስ ተፈረመ። እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። አላጨበጨብኩም፤ ፊቴንም አላዞርኩም።

እትዬና ልጇ በሄዱ ዕለት አልጋቸውን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ስናስጭን ሊቀመንበሩ በዚያ ሲያልፍ ቆመ። «አየሽ» አለኝ፣ «ሁለት ቃል ነበረች።»

«ለሷ ሁለት ቃል ነች» አልኩት። እትዬ ከመስኮቱ ሰምታ አጎነበሰች፤ ሳቋን ይሁን ዕንባዋን ልትደብቅ አላወቅሁም።

ቅዳሜ እንደ ልማዴ ወጣሁ። አብሮኝ ይሂድ ማለቴን ሊቀመንበሩ አልረሳውም፤ አንድ የአብዮት ጥበቃ አባል ጠመንጃ አንግቶ ተከተለኝ። የመጀመሪያውን ዳገት በደንብ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

«ማዶ ምን አለ?» አለኝ።

«ሌላ ዳገት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አገሩ ሁሉ ይታያል።»

«እንግዲህ እይልኝ» አለና እግሩን ማሸት ጀመረ። «ስትመለሺ እዚሁ ነኝ። እስከ መጨረሻው አብሬሽ ሄጃለሁ፤ እንዳትረሺ።»

በዓመቱ መጨረሻ የዝውውር ጠያቂዎች ሲመዘገቡ እኔም ደባርቅ ብዬ ጻፍኩ። ለዋጭ አልነበረኝም፤ ድጋፍም አልነበረኝም። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ላያስቀይሙኝ ሲሉ ቃል ሲመርጡ ይታወቃል።

«ይህ እኮ እንዲሁ ሆኖ አያልፍም» አሉኝ። «ያን ነገር አንድ ረቡዕ ብለሽ ብትገላገይ ምን ነበረበት?»

«አልልም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እርስዎ ብቻ ጥያቄዬን ይላኩልኝ።»