ቀጠሮዬ ሲርቅ

ሕመሜ የጀመረኝ ጓያ ስናጭድ ነው። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ሲመሽ ያተኩሰኛል፤ ስነቃ ቀሚሴ በላብ ርሷል። ሳሉ ቆይቶ መጣ። የአቧራ ነው ብዬ ተውሁት። አንድ ጧት በረት ስጠርግ ሳልሁና መዳፌን አየሁት። ደም ነው።

ያኔ ቁሐር ሚካኤል ከሚባል አገር ካገባሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ባሌ በበቅሎ ጭኖ ወረታ ክሊኒክ ወሰደኝ። አክታዬን መረመሩት። በየወሩ ከጎንደር የሚመጡት ዶክተር፣ «የሳንባ ነቀርሳ ነው። ይድናል። መድኃኒቱን ካቋረጥሽ ግን አይድንም» አሉኝ። ሳይቆይ የባሌ ታናሽ እህት የሺም መሳል ጀመረች። የእሷም ያው ሆነ።

እኔና የሺ ከአማቴ ጋር ወረታ ዘመድ ቤት ተጠጋንና በየቀኑ ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ እንወጋ ጀመር። የሚወጉንም ቀጠሮ የሚሰጡንም ድሬሰሩ አቶ ታከለ ነበሩ። አብዛኞቻችን ፊደል ስለማንቆጥር ቀኑን የሚነግሩን በበዓል ነው፤ «ለአቦ ነይ፣ ለኪዳነ ምሕረት ነይ» እያሉ።

ሰኔ ላይ የሺን «ነገ ነይ» አሏት። ለእኔ እንክብል ሰጡኝና፣ «አንቺ አገርሽ ግቢ። ለሐምሌ ሚካኤል ትመጫለሽ» አሉኝ።

ሚካኤል ገና ሩቅ ነበር። አማቴ ልጇን ይዛ ወረታ ቀረች፤ እኔ ብቻዬን ተመለስሁ። ክረምቱ ገባና ሜዳው ውኃ ተኛበት። ባሌ ከታለበው ወተት ትልቁን ቅል ለእህቱ ይዞ ይሄዳል፣ ትንሹን ለእኔ ይተዋል። ሲመለስ የሚያወራው ስለ እሷ ነው። ዛሬም ተወጋች፣ ዛሬም አቶ ታከለ አዩዋት። እኔ እሰማለሁ። ቀድሜ የታመምሁት እኔ፣ የምትታከመው እሷ። እናት ስላላት ነው እላለሁ። መልኳ ስለሚያምር ነው እላለሁ።

ለሚካኤል ሄድሁ። አቶ ታከለ እንክብሉን ጨመሩልኝና ከዚያ የራቀ ቀን ነገሩኝ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ትተውኛል አልሁ። የማይድን ሰው ምን ያመላልሰዋል። ምግብ አስጠላኝ። ከባሌ ጋር መነጋገር ተውሁ። እንክብሉን ግን ዋጥሁ።

ቀኑ ሲደርስ ዶክተሩም መጥተው ስለነበር እፊታቸው ቆምሁ።

«ጌታዬ፣ ቀድሜ የታመምሁት እኔ ነኝ። ስለ ምን እሷ በየቀኑ ትታያለች፣ እኔን ታርቁኛላችሁ?»

ደረቴን አዳመጡ፤ ከዚያ የአክታዬን ውጤት አቶ ታከለን ጠየቋቸው።

«አክታሽ ጸድቷል» አሉኝ። «የእሷ ገና ነው፤ መርፌውም እንደ አንቺ አልያዘላትም። ቀጠሮሽን ያራቅነው እየዳንሽ ስለሆነ ነው። ይህን የነገረሽ የለም?»

አቶ ታከለ መሬት መሬት አዩ።

ስወጣ የሺ አግዳሚው ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች። ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«ለመቼ አሉሽ?» አለችኝ።

«ለጥቅምት መድኃኔዓለም።»

ፊቷን አዞረች። «አንቺን ባራቁሽ ቁጥር ያን ቀን እህል አይወርድልኝም። እኔን ነገ ነይ፣ ነገ ነይ ነው። ምነው እኔን ባደረጉኝ እላለሁ።»

አጠገቧ ተቀመጥሁና እስኪጠሯት አብሬያት ቆየሁ።

መስከረም ላይ የሺን ጎንደር ሆስፒታል አስገቧት። እኔ ኑጉ ሲያብብ ውኃ መቅዳት ጀመርሁ፤ የነፍስ አባቴ ጾሙን ስለ ፈቱልኝ በጾምም ወተቴን እየጠጣሁ፣ እንክብሌን እየዋጥሁ፣ በመጨረሻም ጓያውን ከሰው እኩል አጭጄ ወገቤን ይዤ ቀና ስል ሳል አልነበረኝም። የሺ ብዙ ቆይታ፣ ሕመሙ የጎዳው አንድ ጎኗ ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ድና መጣች። ዛሬም ከእኔ ይልቅ ታምራለች፤ አማቴም ዛሬም ከእኔ ይልቅ ለእሷ ታደላለች። ይህ አይታከምም።

ዶክተሩን፣ አቶ ታከለን፣ ያን ሁሉ ጭቃ የተመላለሰውን ባሌን እግዜር ይስጥልኝ። ይህ ሕመም የያዛችሁ፣ ሲሻላችሁ መድኃኒቱን አትተዉ። ቀጠሮ ሲሰጧችሁም ቀኑን ብቻ ሰምታችሁ አትውጡ፤ ምክንያቱን ጠይቁ። እኔ ያን ክረምት ሙሉ እየዳንሁ ሳለሁ እየሞትሁ መስሎኝ ነበር።