ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ የምትጮህ መኪና

ዛሬ እናቴ ለመካኒኩ የነገረችውን ብትሰሙ!

«ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ ነው የምትጮኸው። እሳቸውን ብላ ነው» አለችው።

እሳቸው ያለችው አባቴን ነው። ሙት ዓመቱ ገና ነው፤ አሮጌ መኪናውን አሁን የምነዳው እኔ ነኝ።

መካኒኩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። እናቴን ከኋላ ይዘን ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ወጣን። በከተማው ጫጫታ ብትጮህስ ማን ይሰማታል? ከከተማ ስንወጣም ዝም አለች። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሕመም እንደሚጠፋው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንደርስ ግን ሲጥጥ አለች።

«ወንድሜ፣ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ለምን ትይዛለህ?» አለኝ መካኒኩ።

መያዜን አላውቅም ነበር።

አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም አያልፍም ነበር። ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ያማትባል። ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቡ ስቀመጥ፣ እኔ ሳላውቅ እግሬ ተምሮት ኖሯል።

የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነበር። ጋራዥ ተመልሰን መካኒኩ ቀየረው።

ለሙከራ እንደገና እዚያው በር ድረስ ሄድን። አሁን አውቄ ፍሬን ያዝኩ። ምንም ድምፅ የለም።

እናቴ ከኋላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቅ ነበር። ጠበቀች፣ ጠበቀች።

«አሁን ገና ሞቱብኝ» አለች።

መካኒኩ አንገቱን ደፋ። እኔም በእንባ መንገዱ ጠፋብኝ።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ ቤት መጠገን ያልነበረበት ምን አለ?