የዓይኔ አማካሪዎች

የንስሐ አባቴ ከራስጌዬ ቆመው ነበር፤ ጎረቤቴ የዳማከሴ ቅጠል በመዳፏ እያሸች ከግርጌዬ፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በሩን በጀርባው ደግፎ። የዓይኔን ሞራ በቀዶ ጥገና ካስወጣሁ ሳምንት አልሞላኝም። ዓይኔ ደም መስሏል፣ ይወጋኛል፤ ትናንት አጥርቼ ያየሁት መስኮት ዛሬ ጭጋግ ሆኖብኛል።

«ምች ነው» አለች ጎረቤቴ። ወረታ ላይ ምች ያልሆነ በሽታ የለም። «ጭማቂው ጠብ ሲልበት ይለቅዎታል።»

ወንድሜ የወንዛዬ ፍልውሃ ይሻላል አለ። ጉልበቱን አሽሎታል፤ እኔን ግን ያመመኝ ዓይኔን ነው።

ሆስፒታል ደውዬ እንደነበር ነገርኋቸው። ውስጡ አመርቅዞ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ባሕር ዳር እንድደርስ፣ መድኃኒቱም ዓይን ውስጥ በመርፌ እንደሚሰጥ፣ ካደረ ብርሃኑ ሊጠፋ እንደሚችል ነግረውኛል።

«ዓይን በመርፌ!» አለች ጎረቤቴ። «እትዬ፣ ያበላሹት አንሶ ደግሞ ሊወጉት?»

«ሩዙ ታጭዶ እስኪገባ ታገሺ፤ እኔው እወስድሻለሁ» አለ ወንድሜ። በሽታው አጨዳ የሚጠብቅ መስሎታል።

ወደ ንስሐ አባቴ ዞርሁ። «አባ፣ አምና ሞራ አስወጥተው ዓይንዎ ያመረቀዘ ጊዜ ምን ጠብ አደረጉበት?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔማ ባሕር ዳር ሄድሁ። በመርፌ ነው የዳንሁት።»

«ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አሉ?»

«ሰው ሲመክር ማቋረጥ ነውር ነው ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

ነጠላዬን አነሳሁ፤ ወንድሜን ከበሩ ገለል አድርጌ ወጣሁ።