ልብስ ሰፊው ያቃኑልኝ ማረጋገጫ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ሳለሁ ነው። ሳስታውሰው ዛሬም ልቤ በደስታ ይመታል።

አናሊሲስ በሚባለው ኮርስ ወድቄ ድጋሚ ፈተና ተሰጠኝ። እሱን ካላለፍኩ ከትምህርት ክፍሉ መውጣቴ ነው። ፈተናው ሰኞ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አቦከር ሰፈር ካለው ቤታችን ተነስቼ የተበጠሰውን የቦርሳዬን ማንገቻ ላሰፋ ኤረር በር አካባቢ ወዳለ የልብስ ሰፊ ሱቅ ሄድኩ። ሰፊው ከዚያ በፊት የማላውቃቸው አዛውንት ናቸው። እስኪጨርሱልኝ ብዬ ደብተሬን ገለጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ ያለኝን የሒሳብ ማረጋገጫ ስሞክር እንባዬ መጣ።

የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣ «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

«ትምህርት ነው አባባ» አልኳቸው አፍሬ።

«እስቲ ንገሪኝ። ባይገባኝም እሰማለሁ።»

እንደምንም አስረዳኋቸው። «ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ መልሱ ላይ ቢበዛ ምን ያህል ስህተት እንደሚፈቀድ ይናገራል። ሌላው ስህተቱ ከዚያ እንዳያልፍ መነሻው ላይ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብኝ ይናገራል።»

ጥቂት አሰቡና፣ «ስህተቱን የሚወስነው ማነው?» አሉ።

«ጠያቂው፤ አረጋግጪ የሚለኝ ሰው።»

«ጥንቃቄውስ ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሱ ይናገራላ። ወላሂ፣ እኔ ደንበኛው ምን ያህል ይጥበብልኝ እንደሚል ሳልሰማ መቀስ አላነሳም።»

ደብተሬን አየሁት። ለካ ሦስት ቀን የለፋሁት የራሴን ቁጥር አስቀድሜ ወስኜ፣ የጠያቂውን ከሱ ጋር ላስማማ ኖሯል። አዲስ ገጽ ገለጥኩና ከጠያቂው ቁጥር ጀመርኩ። በአምስት መስመር አለቀ። አላመንኩም፤ ደግሜ አነበብኩት። ልክ ነው። ብድግ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። እሳቸው ምኑ እንዳስደሰተኝ በደንብ ሳይገባቸው «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ይስቁ ጀመር።

ፈተናውን አለፍኩ፤ ያውም በጥሩ ውጤት። ውጤቱን የሰማሁ ዕለት ወደ ቤት ሳልገባ ሱቃቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ከወንበራቸው ተነስተው ለጎረቤት ሰፊዎች «ልጄ አለፈች» ሲሉ፣ ልብስ ሊለኩ የመጡ ሴቶች እልል አሉልኝ።

ሒሳብ በር ዘግቶ ለብቻ የሚሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። አንድ ነገር ሲያስቸግረኝ አጠገቤ ለተገኘ ሰው ማስረዳት እጀምራለሁ፤ ባጃጅ ውስጥም ቢሆን። ብዙዎቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እኔ ደስ ብሎኛል።