ሽንኩርቱና መጥረጊያዋ

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ካለችው የሚሞሪ መጫኛ ቤት ሥራ የገባሁ ዕለት፣ ባለቤቷ ጥሩወርቅ መጀመሪያ ያሳየችኝ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ሁለት ሥዕል ነው። ከዚያ በፊት ቡሬ ላይ ቴፕ ጠጋኝ ነበርሁ፤ ቴፕ ሲጠፋ ሥራዬም አብሮ ጠፋ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ፈረንጅኛውማ አይነሣ። «ግድ የለም ጋሼ፣ በሥዕሉ ይያዙት» አለችኝ።

አንዱ ሥዕል ሽንኩርት ነው፤ ማንነትን የሚደብቅ ብሮውዘር ነው። ሁለተኛዋ እዚያው ውስጥ ያለች መጥረጊያ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልልቅ ፋይል የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ላንድ የኢንተርኔት አድራሻ በቀን የሚያወርድበት ልክ አለው። ከተማው ሁሉ በሞባይል ኔትዎርክ ባንድ በር ስለሚወጣ፣ ሌላው ሲያወርድ የኛ ልክ ያልቃል። ገና ሳንነካው «ጠብቁ» ይለናል። በሽንኩርቱ ስንገባ የሌላ አገር ሰው ያደርገናል። የዚያም በር ልክ ካለቀ መጥረጊያዋን ተጭኖ አዲስ በር መያዝ ነው። እኛ «መላጥ» እንለዋለን። ታዲያ መጥረጊያ መጥረጊያ ናት፤ በመውረድ ላይ ያለውንም ጠርጋ ትጥላለች።

አንድ ቀን ይርሳው የሚባል ገበሬ ከቡሬ ገጠር መጣ። ስሙ ይርሳው፤ የመጣው ግን እንዳይረሳ ነው። በማግስቱ የወንድሙ አርባ ነው። የሟቹ ድምፅ የቀረው ልጁን ሲድር በፎከረበት ቪዲዮ ብቻ ነው። የቀረጸው ሰው ከአገር ርቋል፤ ቪዲዮውን ለሁለት ከፍሎ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጦለታል። ዛሬ ካልወረደ ይጠፋል። ሁለቱ ካልተገናኙ ደግሞ አይከፈትም።

«ልኩ አልቋል» አልኋት ጥሩወርቅን።

«ሽንኩርቱ ይላጣ፣ ጋሼ።»

የይርሳው ፊት ጠቆረ። «እኔ የወንድሜን ድምፅ ፍለጋ ብመጣ እናንተ ወጥ ልትሠሩ?»

እሷ ሳቀች። እኔ ላስረዳው ሞከርሁ፤ የባሰ ግራ ገባው።

የመጀመሪያው ክፍል ወርዶ አለቀ። ሁለተኛው ይንፏቀቅ ጀመር። ይርሳው ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ወጥቶ መናኸሪያውን ያያል። «መኪናው ሊያመልጠኝ ነው። ይህ ሽንኩርት ሻግቷል፤ ሌላ ላጡ እንጅ።» ጥሩወርቅም ልቧ ተንጠለጠለ። «በአዲስ በር ይፈጥን ይሆናል» ብላ መጥረጊያዋን ተጫነች። የወረደውን ልክ የሚያሳየው፣ ሊሞላ ጥቂት የቀረው መስመር ከነገጹ ጠፋ።

የመጀመሪያው ክፍል ያለቀ ስለነበር ተረፈ። ሁለተኛውን ከሥሩ ጀመርነው። መስመሩ ብቅ እንዳለ ማውዙን ነቅዬ ኪሴ ከተትሁ።

«ጋሼ፣ ማውዙን አምጡ።»

«አላመጣም።»

«ባለቤቷ እኮ እኔ ነኝ።»

«ባለቤቷማ ነሽ። ማውዙ ግን ኪሴ ነው።»

«አንቱ፣ በስተርጅና ልጅነት ጀመረዎ?» አለ ይርሳው።

«አዎ። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። ኔትዎርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። መስመሩ ሲቆም እጄ እዚያው ኪሴ ውስጥ ማውዙን ይጨብጣል። ላቤን ጠጥቷል። ጥሩወርቅ የጠረጴዛውን ጫፍ በጥፍሯ ስትልጥ ቆየች።

ሞላ። ማውዙን መለስሁላት፤ ሁለቱን አገናኝታ ከፈተችው። አንድ ረዥም ሰው ነጠላውን አደግድጎ «ዘራፍ» አለ።

ይርሳው እጁን አነሣ። «ዝጉት። የቀረውን ነገ ከናቴ ጋር ነው የምሰማው።» ቪዲዮው የተጫነባትን ሚሞሪ በጋቢው ጫፍ ቋጠራት። በሩ ላይ ደርሶ ዘወር አለ። «ሽንኩርቱስ?»

«ተበላ» አልሁት።

ለሥራው አዲስ የሆናችሁ፣ መስመሩ እየሄደ ከሆነ፣ ቢንፏቀቅም፣ መጥረጊያዋን አትንኩ።