ከኋላዋ የሚሰማው ከዘራ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አያታችን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባትን እህቴን ብቻዋን ፒያሳ ዳቦ ይልኳት ነበር። ሃያ ዓመት ቢያልፋትም እናቴ ትጨነቃለች።

«ምነው አባባ፣ ብትጠፋስ?»

«ትልመደው፤ እኔ እንደሁ አልኖርላት» ይሉና ከዘራቸውን ይዘው፣ እንዳታያቸው ርቀው ይከተሏታል።

ዛሬ፣ አርባቸው ሳይወጣ፣ ዘንቢሏን አንስታ ወጣች። በእሳቸው ፋንታ እኔ ተከተልኳት። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። እሷ ግን ግራ ቀኝ አይታ በደንብ ተሻገረች። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። እየሮጥኩ ደረስኩ።

«ምነው፣ ብሩ ጠፋብሽ እንዴ?»

«አልጠፋብኝም» አለች፣ ወደ መጣችበት ዳገት ጆሮዋን እየሰጠች። «የአባባ ከዘራ አልተሰማኝም። ሁልጊዜ ከኋላዬ ሲሰማኝ ነው የምገባ።»